ግልጽ ደብዳቤ፦ «ለሚኖርባት ሰው ገንዘብ የምትከፍል የስዊዘርላንድ መንደር» እያላችሁ ለምትለጥፉ ሁሉ

ይድረስ ለዩቲዩብ፣ ለቲክቶክና ለቴሌግራም ባለቻናሎች፤ እንዲሁም ሊንኩን «እስኪ አጣሪልኝ» ብላችሁ ለምትልኩልኝ ዘመዶቼና ወዳጆቼ በሙሉ።

እንደምን ከረማችሁ? እኔ የምኖረው ስዊዘርላንድ ውስጥ ቫሊስ በሚባለው ካንቶን (እንደ ክልል ማለት ነው)፣ ጀርመንኛ በሚነገርበት በላይኛው ክፍል፣ ተራራ ወገብ ላይ በተለጠፈች ትንሽ መንደር ነው። የመንደሯን ስም አልጠራም። ጥቂት ሰዎች ስለሆንን ስሟን መጥራት የሁላችንንም ስም መጥራት ነው። የምሠራው ከታች ሸለቆው ውስጥ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። ስለዚህ አገሩን በቱሪስት ዓይን አላየውም፤ ሽማግሌዎቹንም፣ ልጆቻቸውንም፣ የቤታቸውንም ወሬ አውቃለሁ።

ጉዳዩ ይሄ ነው። «ቤተሰብ ይዞ ለሚመጣ 70 ሺህ ፍራንክ የምትሰጥ መንደር» የምትባለው ወሬ ሞተች ስትባል ትነሳለች። በየጊዜው አንዱ አዲስ ርዕስ ይሰጣትና ይለቃታል። አረንጓዴ ተራራ፣ ነጠብጣብ ላም፣ ከዚያ ያ የምታውቁት የሚያጣድፍ ድምፅ፤ «ቦታው ሳይሞላ ፍጠኑ!» (በነገራችን ላይ የቫሊስን ላም ለማሳየት ከሆነ የኤሪንገር ዝርያ ጠቆር ያለች፣ ጠብ የምትወድ፣ ከጓደኞቿ ጋር ቀንድ ለቀንድ ተጋጥማ ንግሥት የምትባል ናት፤ ቪዲዮው ላይ ያለችው የሌላ አገር ሰው ነች።) ከዚያ የእኔ ስልክ መጮህ ይጀምራል። ከአዲስ አበባ፣ ከሪያድ፣ ከቤይሩት። አንዷ ከቤይሩት ጭራሽ ፓስፖርቷን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ደላላ «አስጨርስልሻለሁ» ብሏታል። እንግዲህ ለእሷ የጻፍኩትን ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ነው።

መንደሯ አለች። አልቢነን ትባላለች፤ ሎይክ በሚባለው ወረዳ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለችው። በ2017 (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ነዋሪዎቿ 240 ገደማ ነበሩ። በዚያው ዓመት ወጣቶቹ ፊርማ አሰባስበው ለጌማይንደው፣ ማለትም ለመንደሩ አስተዳደር፣ አቀረቡ። ኖቬምበር 30 ቀን መንደርተኛው ተሰብስቦ ድምፅ ሰጠ። አለፈ።

ገንዘቡም እውነት ነው። ለአንድ አዋቂ 25 ሺህ፣ ለአንድ ልጅ 10 ሺህ ፍራንክ። ባልና ሚስት ከሁለት ልጅ ጋር ያው 70 ሺህ ይመጣል። እስከዚህ ድረስ ቪዲዮዎቻችሁ ልክ ናቸው። የቀረውን ግን ማን ቆርጦ ጣለው?

የቀረው እንዲህ ይላል። ዕድሜ ከ45 በታች። የስዊስ ዜግነት ወይም ሲ ፈቃድ። መንደሯ ውስጥ ቢያንስ 200 ሺህ ፍራንክ የሚያወጣ ቤት መግዛት ወይም መሥራት። ቤቱ ለዕረፍት ብቻ ብቅ የሚሉበት ሳይሆን ዋና መኖሪያ መሆን አለበት። ከዚያ 10 ዓመት መቆየት፤ ቀድሞ የሚወጣ የወሰደውን ይመልሳል። ቪዛ የለም። ሥራ የለም። ነፃ ቤት የለም። ወሬው በዓለም ሁሉ ሲናፈስ ለዚያች ሚጢጢ ጽሕፈት ቤት ከየአገሩ ጥያቄ ጎረፈላትና ማስተባበያ እስከመጻፍ ደረሰች። እናንተ እስካሁን ማስተባበያዋን አልተረጎማችሁም።

ሲ ፈቃድ ለምትሉኝ፦ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ለኢትዮጵያዊ በተለምዶ 10 ዓመት እዚህ ኖሮ፣ ቋንቋ ተፈትኖ፣ በራሱ ገቢ እንደሚኖር አሳይቶ የሚያገኘው። ኤፍ ፈቃድ፣ ማለትም ጊዜያዊ መቆያ፣ ያለው ስደተኛ እንኳን ለአልቢነን ሊያመለክት፣ ያለ ፈቃድ ካንቶን መቀየርም አይችልም። ቤይሩት ያለችው ልጅ ለደላላው ልትከፍል የነበረው ገንዘብ የት ሊገባ እንደነበር አሁን ገባችሁ?

እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። ግን ሁሉም የሚጠይቀኝ ሁለተኛ ጥያቄ አለ፤ «ታዲያ ለምን ይከፍላሉ? ሞኞች ናቸው?»

ሞኞች አይደሉም፤ ይልቁንም በጣም ስሌተኛ ሰዎች ናቸው። አልቢነን ውስጥ ጥቂት ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ሲወጡ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ልጅ ያለው አዲስ ሰው አይመጣም። አዲስ ሰው ካልመጣ ሱቁ አያዋጣውም። ሱቁ ከተዘጋ ደግሞ አሮጊቶቹ ወደታች ይወርዱና እኔ ጋ፣ መጦሪያ ቤት ይመጣሉ። ወጣቱ ወደ ፊስፕ ይሄዳል፤ ትልቁ የመድኃኒትና የኬሚካል ፋብሪካ እዚያ ነው። ከ2007 ጀምሮ ደግሞ በሎችበርግ ዋሻ ከፊስፕ የፌዴራሉ መንግሥት መቀመጫ እስከሆነችው በርን በባቡር አንድ ሰዓት አይሞላም። ባቡሩ ሲከፈት ሁሉም ደስ ብሎት ነበር፤ ለካስ መንገድ በሁለት አቅጣጫ ነው የሚሠራው።

ቤት ጠፍቶም አይደለም። ቤት ሞልቷል። ችግሩ መስኮቱ ዓመቱን ሙሉ የተዘጋ መሆኑ ነው። የከተማ ሰው ገዝቶት በበረዶ ወራት ለሸርተቴ ሁለት ሳምንት፣ በበጋ አንድ ሳምንት ይተኛበታል። እዚህ ይህን «ቀዝቃዛ አልጋ» ይሉታል። በማርች 2012 አገሪቱ በሕዝበ ውሳኔ በአንድ ጌማይንደ ውስጥ የሁለተኛ መኖሪያ ቤት ድርሻ ከ20 በመቶ እንዳያልፍ ወሰነች። የተራራ መንደሮቹ ያኔ አኩርፈው ነበር። «ከተሜው ሥራችንን ወሰነልን» ብለው። ዛሬም የሚያኮርፉ አሉ፤ እኔ ግን የማታ ፈረቃ ጨርሼ ስመለስ ከአሥር ቤት በሦስቱ ብቻ መብራት ሳይ ለሕጉ ድምፅ የምሰጥ ይመስለኛል። ድምፅ ቢኖረኝ ነው እንግዲህ። ወደሱ እመጣለሁ።

አሁን ወደ ኋላ ልውሰዳችሁ፤ ምክንያቱም ለመጤ የምትከፍል መንደር ምን ያህል ጉደኛ ነገር እንደሆነች የሚገባችሁ ያኔ ነው። እዚሁ ቫሊስ ውስጥ ከፊስፕ ሸለቆ በላይ ተርበል የምትባል መንደር አለች። ጽሑፎቿ ከ1224 ጀምሮ አሉ። በ1483 ገበሬዎቹ ማኅበር መሥርተው የጋራ ግጦሹን፣ ጫካውንና ጠፍ መሬቱን የሚመለከት ደንብ ጻፉ። ከደንቡ አንዱ ምን ይላል መሰላችሁ? ከውጭ የመጣ ሰው መንደሩ ውስጥ መሬት ቢገዛ እንኳ በጋራ ግጦሹ ላይ አንዳች መብት አይኖረውም፤ ከጫካውም እንጨት አይቆርጥም። መሬት ገዝተህም ባዕድ ነህ። በ1517 ደግሞ ሌላ ደንብ ጨመሩ። ማንም ሰው ወደ ተራራው ግጦሽ የሚያወጣው በበረዶው ወራት መቀለብ የሚችለውን ያህል ላም ብቻ ነው። ይቺን ደንብ እወዳታለሁ። ሀብታም ከየትም ላም ገዝቶ የጋራውን ሣር እንዳይጨርስ፣ ድርቆሽህን አሳየን አሉት። ተቆጣጣሪውም በደንብ እንዲሠራ ከሚያስከፍለው ቅጣት ግማሹ የራሱ ነው። ማን ይለምነዋል ከዚያ በኋላ!

ሮበርት ኔቲንግ የሚባል አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት ተርበል ተቀምጦ ይህን ሁሉ አጠና። የእሱን ጥናት ይዛ ኤሊኖር ኦስትሮም ሕዝብ የጋራ ሀብቱን ያለ መንግሥት ዱላና ያለ ግል ባለቤት ጠብቆ ማቆየት እንደሚችል ተከራከረች፤ በ2009 በኢኮኖሚክስ ኖቤል ስትሸለም የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች። እና እነዚያ ላሞች እስከ ስቶክሆልም ደርሰዋል ማለት ይቻላል። ኖቤሉ ሲወራ ግን ያቺ የ1483 አንቀጽ፣ በሩን የምትዘጋዋ፣ ብዙም አትነሳም። የጋራውን የጠበቁት አንድም ሌላውን ሰው ውጭ አድርገው ነው። ከ500 ዓመት በኋላ የዚያው ካንቶን ሌላ መንደር በሩን ከፍታ «ኑ፣ እንከፍላችኋለን» ስትል፣ ይህ ለእነሱ ቀልድ እንዳልሆነ ተረዱልኝ።

ያ የባለቤትነት ነገር ዛሬም አልሞተም። የስዊስ ፓስፖርት ላይ የተወለድክበት ቦታ አይጻፍም፤ የሚጻፈው የዘር መንደርህ ነው። ዙሪክ ተወልዶ ያደገ፣ ተራራ ወጥቶ የማያውቅ ልጅ፣ ፓስፖርቱ ላይ የአንዲት ጭልጥ ያለች የቫሊስ መንደር ስም ሊኖር ይችላል። ዜግነትም የሚጀምረው ከዚያው ነው። መንደሩ፣ ካንቶኑና ፌዴራሉ ሦስቱም እሺ ማለት አለባቸው። ድሮ ባንዳንድ ቦታ የአመልካቹን ማንነት ለሕዝብ በትነው በምርጫ ሣጥን ድምፅ ይሰጡበት ነበር፤ በ2003 የፌዴራሉ ፍርድ ቤት ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ አስቆመው።

እሺ፤ እዚህ መኖር ምን ይመስላል?

መጀመሪያ ቋንቋው። ጀርመንኛ ተማርኩ ብላችሁ እንዳትመጡ። የላይኛው ቫሊስ ሰው የሚናገረውን የዙሪክ ሰው ራሱ በደንብ አይሰማውም። ጽሑፉና የትምህርት ቤቱ ጀርመንኛ አንድ ነገር ነው፤ ሱቅ ውስጥ የምትሰሙት ሌላ። እኔ የተማርኩት ከመጦሪያዋ አሮጊቶች ነው። አሁን ወጣቶቹ «እንደ አያቴ ነው የምታወሪው» እያሉ ይስቁብኛል።

ቀጥሎ ሰላምታ። መንገድ ላይ ያገኛችሁትን ሰው ሁሉ፣ አወቃችሁትም አላወቃችሁትም፣ ሰላም ትላላችሁ። ሰላም ያላለ ሰው ወሬው ከእሱ ቀድሞ ቤቱ ይደርሳል። እሑድ ሣር አይታጨድም፣ ጠርሙስ አይጣልም፣ መዶሻ አይነሳም። ቆሻሻ የሚጣለው ቀረጥ በተከፈለበት ከረጢት ነው፤ በሌላ ከረጢት የጣለ ሰው ከረጢቱ ተከፍቶ፣ ስሙ ያለበት ፖስታ ተፈልጎ፣ ቅጣት ሊመጣበት ይችላል። ይህን ስነግራቸው አዲስ አበባ ያሉት ይስቃሉ። ይሳቁ። መንገዱ ንጹሕ ነው።

ይህ ግን ቅርፊቱ ነው። ዋናው ነገር ሥራ ማካፈል ነው። ትንሽ ጌማይንደ ማለት ደመወዝተኛው ሁለት ሦስት ሰው ነው። የቀረውን የሚሠራው ነዋሪው ነው። ምክር ቤቱ ውስጥ ያሉት ቀን አናጺ፣ መምህር፣ የባንክ ሠራተኛ፣ ላም ጠባቂ ናቸው፤ ማታ ስለ ውኃ ቧንቧና ስለ መንገድ በጀት ይከራከራሉ። እሳት አደጋው ራሱ መንደርተኛው ነው። በብዙ ቦታ ዕድሜህ የደረሰ ከሆነ ወይ ታገለግላለህ ወይ የማታገለግልበትን ትከፍላለህ፤ የውጭ ዜጋም ቢሆን። በጸደይ ወጥተው መንገድ ይጠርጋሉ፣ የመስኖውን ቦይ ይከፍታሉ፣ አጥር ይጠግናሉ፤ ልክ እንደኛ ደቦ፣ ጠላው በወይን ጠጅ ተተክቶ። እነዚህ የገደል ጥግ ይዘው የሚሄዱ የመስኖ ቦዮች የሚገርሙ ናቸው። ድሮ ማን ስንት ሰዓት ውኃ እንደሚደርሰው በእንጨት ላይ በሚቀረጽ ምልክት ነበር የሚመዘግቡት። በ2023 ዩኔስኮ ይህን ባህላዊ መስኖ፣ ከሌሎች የአውሮፓ አገሮች ጋር፣ በሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። አልቢነንም የራሷ አላት፤ ገደሉ ላይ የተተከሉት ስምንቱ የእንጨት መሰላሎች። መኪና መንገድ ሳይኖር ሰው ከነሸክሙ በእነሱ ላይ ወጥቶ ሎይከርባድ ገበያ ይሄድ ነበር። ዛሬ ቱሪስት እየተንቀጠቀጠ ይወጣባቸዋል።

እና ሰው ሲጎድል መጀመሪያ የሚጎድለው ይህ ነው። በቫሊስና በኡሪ ካንቶን ሕጉ የተመረጠ ሰው ሹመቱን እንዲቀበል ያስገድዳል። ሳትወዳደር ስምህን ጽፈው ሊመርጡህ ይችላሉ፤ ሹመት በግድ! እኛ አገር ቢሆን ሰልፉ አያልቅም ነበር። እንደዚያም ሆኖ ሰው ይጠፋል። ኡሪ ውስጥ ሐይቅ ዳር ያለችው ባወን 200 ሰው እንኳ የሌላት ጌማይንደ ነበረች፤ በ2021 ከጎረቤቷ ዜዶርፍ ጋር ተቀላቀለች። የግላሩስ ካንቶን ደግሞ በ2006 አደባባይ ላይ እጅ አውጥቶ 25 ጌማይንደዎቹን ወደ 3 ለማድረግ ወሰነ፤ በ2011 ተግባራዊ ሆነ። በ1990 በመላ አገሪቱ ከ3,000 በላይ ጌማይንደ ነበረ፤ ዛሬ 2,100 ገደማ ቀርቷል። የአልቢነን ሰዎች 25 ሺህ ፍራንክ የሚከፍሉት ለዚህ ነው። በዚያ ብር ልጅ ያለው ጎረቤት፣ እሳት ሲነሳ ቱቦ የሚይዝ፣ በጀት የሚያነብ ሰው ይፈልጋሉ።

አሁን ደግሞ ለመንደሮቹ ምክር ቤቶች። ደብዳቤው በአማርኛ ስለሆነ አታነቡትም፤ ግን ልጄ ተርጉማ ማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ እንደምትለጥፈው ዝታለች።

ኡንተርቤህ የምትባለውን የቫሊስ መንደር ሁላችሁም ትኮሩባታላችሁ፤ እኔም እኮራባታለሁ። በማርች 3 ቀን 1957 አገሪቱ አንድ ጉዳይ ለሕዝበ ውሳኔ አቀረበች፤ ሴቶች በሲቪል መከላከያ የማገልገል ግዴታ ይጣልባቸው ወይስ አይጣልባቸው? ድምፅ የሚሰጡት ወንዶች ብቻ ናቸው። የዚህች ሚጢጢ መንደር ምክር ቤት «ጉዳዩ የሴቶች ከሆነ ሴቶቹም ይምረጡ» ብሎ ፈቀደ። 33 ሴቶች ወጥተው መረጡ። ካርዳቸው በሌላ ሣጥን ገባ፤ አልተቆጠረም። ስድብና ፌዝም ደረሰባቸው። አገሪቱ በፌዴራል ደረጃ ለሴቶች የመምረጥ መብት የሰጠችው ከዚያ 14 ዓመት ቆይታ፣ በ1971 ነው። ዛሬ እዚያ የሆነው በየትምህርት ቤቱ ይተረካል።

በማርች 3 ቀን 2024፣ በዚያው ቀን ማለት ነው፣ ቫሊስ በአዲስ ሕገ መንግሥት ረቂቅ ላይ ድምፅ ሰጠ። ከረቂቁ ጋር የውጭ ዜጎች በመንደራቸው ጉዳይ እንዲመርጡ የሚፈቅድ አማራጭም ቀርቦ ነበር። ሁለቱም ወደቁ። መብታችሁ ነው፤ የእናንተ ካንቶን ነው። እኔ ግብር እከፍላለሁ፣ ለእሳት አደጋው ድርሻዬን እወጣለሁ፣ እናቶቻችሁን አጥባለሁ፤ የመንደሩ ስብሰባ ሲጠራ ደግሞ ከኋላ ወንበር ላይ እንግዳ ሆኜ አዳምጣለሁ፣ እጅ አውጡ ሲባል እጄን ጭኔ ላይ አደርጋለሁ። ቅሬታዬን ለምን በዚህ ደብዳቤ ውስጥ እንደምከት ይገባችኋል። ሰው ጠፋ፣ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነው፣ ምክር ቤት የሚገባ አጣን እያላችሁ፣ ከሸለቆው በታች ግን ጉልበት ያላቸው፣ ልጅ የወለዱ፣ ኤፍ ፈቃድ ይዘው ዓመታት የሚቆጥሩ ወጣቶች አሉ። ብዙዎቹ ገበሬ አገር ነው ያደጉት። ላም ያውቃሉ፣ መስኖ ያውቃሉ። 70 ሺህ ፍራንክም አልጠየቁም። ለእነሱ የሚሆን ደንብ ጽፋችሁ ታውቃላችሁ?

የፈቃዱ ሕግ የፌዴራል እንደሆነ አውቃለሁ። ግን የሥራ ልምምድ ቦታ መስጠት፣ ባዶ ቤት በተመጣጣኝ ዋጋ ማከራየት፣ ወደ ሙዚቃ ጓዱና ወደ ስፖርት ማኅበሩ መጥራት የበርንን ፈቃድ አይጠይቅም። አንዳንድ መንደር እያደረገው ነው። የእኛም እየሞከረች ነው፤ ቀስ ብላ፣ በቫሊስ ፍጥነት።

ወደ እናንተ ልመለስ፣ ባለቻናሎች። የምጠይቃችሁ ትንሽ ነው። ርዕሱን ቀይሩት። «ሲ ፈቃድና 200 ሺህ ፍራንክ ላላቸው» ብላችሁ ጨምሩበት፤ ተመልካች ይቀንስባችኋል፣ አውቃለሁ። ከሥሩ «በውስጥ መስመር አናግሩን» እያሉ የሚጽፉትን ደላሎች አጥፏቸው። ያንን አስተያየት አይተው ገንዘብ የሚልኩ ሰዎች አሉና። በተለይ ዓረብ አገር ያሉት እህቶቻችን፣ የዓመት ደመወዛቸውን።

ስዊዘርላንድ ውስጥ ላላችሁና ሲ ፈቃዱ ላላችሁ ደግሞ፦ ዕቅዱ ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ከራሱ ከጌማይንደው ጠይቁ፣ ደንቡንም በጀርመንኛው አንብቡት። ሌሎች መንደሮችም የራሳቸው የቤተሰብ ድጋፍ ሊኖራቸው ስለሚችል አንዷ ላይ አትቸንከሩ። የግብሩ መጠን ከጌማይንደ ጌማይንደ ስለሚለያይ እሱንም አስሉት። የመጨረሻውን አውቶቡስ ሰዓት እዩ፤ ፈረቃ ሠራተኛ ከሆናችሁ ይሄ ከ25 ሺህ ፍራንኩ ይበልጣል። ትምህርት ቤቱ የት እንደሆነ ጠይቁ። ቤት ከመግዛታችሁ በፊት ፌብሩዋሪ ላይ፣ ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ቶሎ በምትገባበት ጊዜ፣ ተከራይታችሁ ትንሽ ሰንብቱ። ከወደዳችሁት፣ መጀመሪያ የምትሄዱበት ቦታ ነዋሪ መዝጋቢው ጋ ነው፤ 14 ቀን አላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የላይኛው ቫሊስ አንዲት ነዋሪ